ዓይን ሁሉ የሚበቃውን ያያል



ዛሬ የማወራችሁ ስለ እንስሳት ዓይን ነው። ሐኪም ሆና ስለ ጅብ ምን አገባት እንዳትሉኝ፤ መጨረሻው እኛው የመማሪያ ክፍል ነው የሚያደርሰን።

እስቲ በጅብ እንጀምር። ሌሊት የመኪና መብራት ሲያርፍበት ዓይኑ የሚያበራው የራሱ ብርሃን ኖሮት አይደለም። ከሬቲናው ጀርባ ታፔተም ሉሲደም የሚባል፣ እንደ መስተዋት የሚያንጸባርቅ ሽፋን አለው። መጀመሪያ ያመለጠው ብርሃን ተመልሶ ሲመጣ ሬቲናው ሁለተኛ ዕድል ያገኛል። ድመት፣ በግና ላምም ይህ ሽፋን አላቸው፤ እኛ ግን የለንም። ይሁንና በነጻ የተገኘ አይደለም፤ ተመልሶ የሚበተነው ብርሃን የምስሉን ጥራት በመጠኑ ይቀንሰዋል።

ቀለም ላይም ነገሩ ያው ነው። ቀለም የምንለየው በሬቲና ላይ ባሉት ኮን ሴሎች ሲሆን የእኛ ሦስት ዓይነት ናቸው። የውሻና የበሬ ሁለት ብቻ ናቸው። በስፔን የበሬ ትግል ላይ በሬውን የሚያስቆጣው የጨርቁ ቅላት ሳይሆን መወዛወዙ ነው። ብዙ ወፎች ደግሞ አራት ዓይነት አላቸው። ንብ ቀይን ባትለይም እኛ የማናየውን አልትራቫዮሌት ታያለች፤ ለእኛ ወጥ ቢጫ የሆኑ ብዙ አበቦች ለእሷ ወደ መሃል የሚመራ ምልክት አለባቸው። ታዲያ "ትክክለኛው" ዓይን የማን ነው? እያንዳንዱ ለኑሮው የሚበቃውን ያያል እንጂ ሁሉን የሚያይ የለም።

የእኛም ሦስተኛ ኮን ታሪክ አለው። አብዛኞቹ አጥቢዎች ሁለት ዓይነት ብቻ ናቸው ያላቸው። የእኛና የአፍሪካና እስያ ዝንጀሮዎች የጋራ ቅድመ አያቶች ላይ ግን በኤክስ ክሮሞዞም ያለ አንድ ጂን ተባዛ፤ ከቅጂዎቹ አንዱ ወደ ቀይ፣ ሌላው ወደ አረንጓዴ አዘነበለ። የሰሜን ተራሮች ጭላዳ ደረቱ ላይ ባለው ቅላት ደረጃውን ለሌሎች ወንዶች የሚያሳውቀው፣ ተመልካቾቹም ቀይን የሚለይ ዓይን ስላላቸው ነው።

ችግሩም ከዚያው ይመጣል። ሁለቱ ጂኖች በጣም ተመሳሳይና ጎን ለጎን የተቀመጡ ስለሆኑ፣ ክሮሞዞሞች ክፍላቸውን ሲለዋወጡ አንዱ ይጠፋል ወይም ሁለቱ ይቀላቀላሉ። ወንድ ያለው ኤክስ አንድ ብቻ ነውና መጠባበቂያ የለውም። ዝርያቸው ከአውሮፓ በሆነ ሕዝቦች ዘንድ ከ100 ወንዶች 8 ያህሉ ቀይና አረንጓዴን ለመለየት ይቸገራሉ። በሌሎች ሕዝቦች ቁጥሩ ዝቅ ይላል እንጂ አይጠፋም።

ኬሚስቱ ጆን ዳልተን እ.ኤ.አ. በ1794 ስለ ራሱ ዓይን ጽሑፍ አቀረበ። ምክንያቱ በዓይኑ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሰማያዊ መሆኑ ነው ብሎ ስላመነ፣ ከሞተ በኋላ እንዲመረመር ተናዘዘ። በ1844 ሲታይ ፈሳሹ ጥርት ያለ ሆኖ ተገኘ። ተጠብቆ ከቆየው ዓይኑ የተወሰደው ዲኤንኤ በ1995 የአረንጓዴው ጂን እንደጎደለው አሳየ።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ለዚህ ነው። ከተማሪዎቻችን መካከል እንዲህ ዓይነት ዓይን ያላቸው አሉ፤ ሲወለዱ ጀምሮ ያዩት ዓለም ያው ስለሆነ ብዙዎቹ አያውቁትም። የቆዳ ሽፍታ ሲፈዝባቸው፣ ሰገራ ላይ ያለ ደም ሲያመልጣቸው፣ የሽንት መመርመሪያው ቀለም ሲምታታባቸው "አታጠናም እንዴ?" ይባላሉ። የኢሺሃራ ሥዕል እኮ የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው። ገና በመጀመሪያው ዓመት እንመርምራቸው፤ ለማስወጣት ግን አይደለም። ችግሩን ያወቀ ሰው ብርሃን ይጨምራል፣ ቅርጽና ወሰን ያያል፣ ሲጠራጠር ባልደረባውን ይጠይቃል። የሚጎዳው ሳያውቅ የቀረው ሐኪም በሽተኛ ነው። መምህራን ደግሞ በስላይዳችሁ ላይ ቀይና አረንጓዴን ብቻ መለያ አታድርጉ፤ ቀስት ወይም ፊደል ጨምሩበት።

እኛ ንብ የምታየውን ሳናይ ሐኪም ሆነናል። አረንጓዴን የማይለይም ጥሩ ሐኪም ይሆናል፤ ብቻ ቀድሞ ይወቀው።