መጀመሪያ መብራቷን እዩ
በወርሃዊ የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ትንሽ ሊመስል ይችላል። በገመድ የሚገባው ኢንተርኔት ከአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሲጠፋ ምን እናድርግ የሚል ነው። ነገር ግን በቢሯችን ያሉት ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ በእርዳታ የተገኙና ዕድሜያቸው የገፋ መሆናቸውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አንዱ መስመር ሲጠፋበት የቁጠባው ሪፖርት አይላክም፤ የባንክ ሒሳብ አይታይም፤ ብድር የጠየቀች እህት ለነገ ትቀጠራለች። ከዚያም በላይ ማሽኑ ወደ ጥገና ቤት ሲሄድ ባዶውን አይሄድም። የእያንዳንዳችንን ስም፣ የቆጠብነውን ልክ፣ ያለብንን ዕዳ ይዞ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ጉዳዩ የጥገና ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የአባላት ምስጢርም ነው። እዚሁ ሊስተካከል የሚችለውን እዚሁ እናስተካክል።

ሥርዓቱ ቀላል ነው። ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ገንዘብ ከማያስወጣው ወደሚያስወጣው እንሄዳለን። ቤታችን መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ ብቅ ብለን የጎረቤትን እናይ የለ? እዚህም እንዲሁ ነው። ሌላኛው ኮምፒውተር ኢንተርኔት አለው ወይ? ሁሉም ላይ ከጠፋ ችግሩ ከራውተሩ ወይም ከውጭ ከሚመጣው መስመር ነው። ራውተሩን ከመብራት ነቅላችሁ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆዩና መልሱት። ካልመጣ ለአገልግሎት ሰጪው ደውሉ፤ ኮምፒውተሩን ግን አትንኩት። አንዱ ላይ ብቻ ከጠፋ ወደሚቀጥለው እንለፍ።

ኮምፒውተሩን ወደ ኋላ ዞር አድርጋችሁ የኔትወርኩ ገመድ የሚገባበትን ቀዳዳ ተመልከቱ። አጠገቡ አንድ ወይም ሁለት ትንንሽ መብራቶች አሉ። ከበሩ ወይም ብልጭ ድርግም ካሉ ኮምፒውተሩና ራውተሩ ተገናኝተዋል ማለት ነው። ጨለማ ከሆኑ ገመዱን አጥብቃችሁ ግፉት፤ ገባ ሲል «ቀጭ» ማለት አለበት። ጫፉ ላይ ያለችው የፕላስቲክ ምላስ ከተሰበረች ገመዱ የገባ ይመስላል እንጂ አይዝም፤ ወንበር ሲነካው ይወጣል። በገመዱ ውስጥ 8 ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። በር ስር ተጨፍልቆ ወይም አይጥ በልቶት ከመካከላቸው አንዱ ቢበጠስ እንኳ መስመሩ ሊጠፋ ወይም ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ ከሚሠራው ኮምፒውተር ላይ ገመዱን ነቅላችሁ በዚህኛው ሞክሩ። ራውተሩ ላይም ሌላ ቀዳዳ ሞክሩ። በዚህ ብቻ የሚፈታው ችግር ብዙ ነው።

ገመዱ ደህና ሆኖ መብራቷ እምቢ ካለች፣ «ካርዱ ሞቷል» ለማለት አትቸኩሉ። ኮምፒውተሩ ተዘግቶም እንኳ የኔትወርክ ክፍሉ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያገኛል። መብራት መጥቶ ሲሄድ ይህ ክፍል ግራ ተጋብቶ ሊቀር ይችላል፤ አጥፍቶ ማብራት ብቻ አይቀሰቅሰውም። መድኃኒቱ ኮምፒውተሩን በደንብ ዘግቶ የመብራቱን ገመድ ከኋላ መንቀል፣ ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ ነው። ላፕቶፕ ከሆነና ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ባትሪውንም አውጡ። መልሳችሁ ሰክታችሁ አብሩት።

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ። በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ኮንትሮል ፓናል ውስጥ የኔትወርክ ግንኙነቶች የሚታዩበት ገጽ አለ። እዚያ «ኢተርኔት» ወይም «ሎካል ኤሪያ ኮኔክሽን» የሚለው ምልክት ግራጫ ሆኖ «ዲስኤብልድ» ካለ፣ ሰው ሳያውቅ ዘግቶታል ማለት ነው። በቀኝ ክሊክ «ኢኔብል» በሉት።

ምልክቱ ጨርሶ ከሌለ ዲቫይስ ማናጀርን ክፈቱ። የኔትወርክ ክፍሉ ቢጫ ምልክት ይዞ ከታየ ወይም ያልታወቁ ዕቃዎች ተርታ ውስጥ ከተቀመጠ፣ ዕቃው አለ፤ የጠፋው ድራይቨሩ ነው። ድራይቨር ማለት ዊንዶውስ ከዕቃው ጋር የሚነጋገርበት አስተርጓሚ ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ አዲስ የተጫነባቸው አሮጌ ማሽኖች ላይ ይህ የተለመደ ነው። የዕቃውን መለያ ቁጥር ከዝርዝሩ ማየት ይቻላል፤ የአምራቹ ኮድ 8086 ከሆነ የኢንቴል፣ 10ኢሲ ከሆነ የሪያልቴክ ነው። ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔቱ ደግሞ ጠፍቷል። መውጫው ስልካችን ነው። አንድሮይድ ስልክ በቻርጀሩ ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር ተገናኝቶ «ዩኤስቢ ቴተሪንግ» ሲከፈት፣ ኮምፒውተሩ በስልኩ ዳታ ይጠቀማል። ድራይቨሩን ከኮምፒውተሩ ወይም ከካርዱ አምራች ገጽ ብቻ አውርዱ። ድራይቨር እንፈልግላችኋለን የሚሉ ፕሮግራሞችን አትጫኑ።

ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ምንም ካልታየ የኮምፒውተሩን ሰዓትና ቀን እዩ። በተነሣ ቁጥር ወደ ድሮ ዓመት የሚመለስ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባለ 3 ቮልት ባትሪ አልቃለች። ስትሞት ማሽኑ ውስጣዊ ቅንብሩን ይረሳል። ቀኑ ሲሳሳት ደግሞ መስመሩ ደህና ሆኖም የባንክና የኢሜይል ገጾች አይከፈቱም፤ የደኅንነት ማረጋገጫቸው ከቀን ጋር የተያያዘ ነውና። ባትሪዋ «ሲአር 2032» ብትባል ብዙ ሱቅ ያውቃታል። ከቀየራችሁ በኋላ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ የማዘርቦርዱ ኔትወርክ መከፈቱን አረጋግጡ።

መብራቷ በርታ፣ ሁሉም ተስተካክሎ ኢንተርኔት እምቢ ካለስ? በግንኙነቱ ዝርዝር ውስጥ የአይፒ አድራሻውን ተመልከቱ። በ169.254 ከጀመረ ኮምፒውተሩ ከራውተሩ አድራሻ ለምኖ አጥቶ ለራሱ ስም አውጥቷል ማለት ነው። ራውተሩን አጥፍታችሁ አብሩ፤ ገመዱንም እንደገና ሞክሩ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልሆነ ቀዳዳው ተቃጥሎ ይሆናል። ያኔም ኮምፒውተሩ አልሞተም። በዩኤስቢ የሚሰካ የኔትወርክ አዳፕተር ይሸጣል፤ ከኮምፒውተር ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ትንሽ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ለእናንተ ዊንዶውስ የሚሆን መሆኑን ጠይቁ።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ቃል አለኝ። አሮጌ ኮምፒውተር መስጠት አያሳፍርም፤ እኛም በምስጋና እንቀበላለን። ግን ዊንዶውስ 7 ከጥር 2012 ጀምሮ፣ ዊንዶውስ 10 ደግሞ ከጥቅምት 2018 ጀምሮ መደበኛው የደኅንነት ማሻሻያ ቆሞባቸዋል። የአባላት ሒሳብ የሚያዝበት ማሽን ማሻሻያ የሚያገኝ መሆን አለበት። ማሽን ስትሰጡን ሞዴሉን ጽፋችሁ አንድ ደህና ገመድ ብትጨምሩበት ብዙ ድካም ታቀሉልናላችሁ።

ለእኛ ለአባላት ደግሞ ሦስት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ በክረምት ነጎድጓድ ከመጀመሩ በፊት የመብራቱንም የስልክ መስመሩንም ገመድ እንንቀል፤ መብረቅ በስልክ ሽቦም ይገባል። ሁለተኛ፣ ከእያንዳንዱ ኮምፒውተር አጠገብ ደብተር ይቀመጥ፤ መቼ ጠፋ፣ ምን ተሞከረ፣ በምን ተመለሰ ተብሎ ይጻፍ። ባለሙያ መጥራት ግድ ሲሆን ሥራውን ያሳጥርለታል፤ እኛንም ሁለት ጊዜ ከመክፈል ያድነናል። ቢቻል እዚሁ ቢሮ መጥቶ ይሥራ፤ የግድ የሚወጣ ከሆነም የአባላት መዝገብ በሌላ ቦታ ከተቀመጠና ከማሽኑ ላይ ከተነሣ በኋላ ይሁን። ሦስተኛ፣ ይህን ዕውቀት አንድ ሰው ብቻ አይያዘው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ከየቡድኑ ሁለት ሁለት እህቶች ቅዳሜ ጠዋት ቢመጡ፣ ገመዱን ራሳቸው ነቅለው፣ ራሳቸው ሰክተው፣ መብራቷ ስትበራ በዓይናቸው እንዲያዩ አደርጋለሁ። ስማችሁን ከመውጣታችሁ በፊት ለጸሐፊዋ አስመዝግቡ።