አፈ ንጉሡም ሄደ፣ ካድሬውም መጣ… ዳኛውስ ከየት ይምጣ?

(ከዚህ በታች የምናቀርበው በአብርሃ ጅራ ከተማ ለአገር ሽማግሌዎች፣ ለገበሬዎችና ለወጣቶች የተደረገ ንግግር ነው። ለጋዜጣ እንዲመች መጠነኛ ማሳጠር ተደርጎበታል። — ዝግጅት ክፍሉ)



«ስለ ሰሊጡ ዋጋ፣ ስለ ድንበሩ፣ ስለ ጸጥታው መነጋገር ሲገባን፣ ይኼ ሰውዬ ስለ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ሊያወራን ከየት መጣ?» የምትሉ አትጠፉም። አልፈርድባችሁም። ግን እስቲ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ።

በምዕራብ አርማጭሆ አንድ ገበሬ መሬቱን ተነጥቆ ቢከስ፣ ነገሩ እዚሁ ከወረዳው ፍርድ ቤት ይነሳል፤ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ከዚያም ባሕር ዳር ይወጣል። የመጨረሻው ቃል ግን ያለው አዲስ አበባ፣ በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ነው። በአዋጅ ቁጥር 454/1997 አምስት ዳኞች ተሰይመው የሰጡት የሕግ ትርጉም የአገሩን ፍርድ ቤት ሁሉ እንዲያስር ተደርጓል። የ2013ቱ አዋጅ ቁጥር 1234ም ይህንኑ አጽንቶታል። እነዚያ ሰዎች «ሕጉ እንዲህ ማለት ነው» ካሉ፣ የአብርሃ ጅራው ዳኛ «አይደለም» ማለት አይችልም። ታዲያ እነዚያ ሰዎች እነማን ናቸው? ወንበሩ ላይ ከመቀመጣቸው በፊት ምን ነበሩ? ማንስ አስቀመጣቸው? ይህን መጠየቅ የከተሜ ቅብጠት አይደለም፤ የእርሻችሁ ጉዳይ ነው።

የንጉሥ አፍ

በድሮው ጊዜ ታላቁ ዳኛ «አፈ ንጉሥ» ይባል ነበር። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ የንጉሥ አፍ ነው። አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ለፍርዱ ሥራ የመረጡት አፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሎን ነበር። ያኔ የሕግ ትምህርት ቤት የለም። ዳኛ የሚኮነው በቤተ መንግሥት አካባቢ አድጎ፣ ሹመት ቀምሶ፣ ሙግት ሲሰሙ ውሎ፣ የፍትሐ ነገሥቱን ቃል ከሊቃውንት ጠይቆ ነው።

ያ ዘመን መጥፎ ብቻ ነበር አልልም። «በላ ልበልሃ» እየተባለ በአደባባይ ሲሞገት ሕዝቡ ይሰማል፤ ዳኛው ቢያዳላ አገር ያወቀው ነበር። ነገር ግን ከአፈ ንጉሡ በላይ ዙፋን ችሎት አለ፤ ከዙፋኑ በላይ ያለው ሰማይ ብቻ ነው። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የተባለው በከንቱ አይደለም። የንጉሥ አፍ የሆነ ሰው ንጉሡን ሊከስ የመጣ ገበሬ ጆሮ ሊሆን አይችልም።

ነጩ ዳኛና አዲሱ ተመራቂ

ጣሊያን ከተባረረ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች መጡ። አንደኛው አዋጅ ቁጥር 2/1934 ነው። ጠቅላይ ንጉሠ ነገሥት ፍርድ ቤት፣ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ የአውራጃና የወረዳ ፍርድ ቤት የሚባለው መሰላል የተተከለው በእርሱ ነው። ሁለተኛው ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው ውል ሲሆን፣ በእርሱ መሠረት የእንግሊዝ ዳኞች ከኢትዮጵያውያን ጎን ተቀመጡ። አንዱ ወንበር ላይ ሙግት በመስማት ያረጀ መኳንንት፣ ሌላው ወንበር ላይ ከባሕር ማዶ የመጣ ባለ ዲግሪ ማለት ነው። ቋንቋቸው አይገናኝም፤ ልማዳቸው አይገናኝም።

ከዚያ ሕጎቹ ተጻፉ። የወንጀለኛ መቅጫው በ1949፣ የፍትሐ ብሔሩ በ1952 ዓ.ም. ወጡ። የፍትሐ ብሔሩን ረቂቅ ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ፣ የወንጀሉን ደግሞ የስዊሱ ዣን ግራቨን ነበሩ። ልብ በሉ፤ ሕጉ ወጣ እንጂ በአገር ውስጥ ሕግ የሚያስተምር ፋኩልቲ ገና አልነበረም! የሕግ ፋኩልቲው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው በ1956 ዓ.ም. ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የባላባት ልጅነትም ሆነ የንጉሥ ቀረቤታ ሳይሆን የተማረው ትምህርት ወደ ችሎት የሚያስገባው ወጣት በአገሩ መፍራት ጀመረ። ያ ወጣት ወደ ላይኛው ወንበር እስኪደርስ ግን ታሪክ አልጠበቀውም።

ዳኛውን ያለ ዳኛ

ደርግ መጣ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ከተረሸኑት ስልሳ ያህል ሰዎች መካከል አፈ ንጉሥ አበጀ ደባልቅ ይገኙበታል። የአገሪቱ አፈ ንጉሥ የነበሩ ሰው ራሳቸው አንድ ቀን እንኳ ችሎት ሳያዩ ሞቱ! የፍርድ ቤትን ነጻነት ዋጋ ለማስረዳት ከዚህ የበለጠ ምስክር የት ይገኛል?

በዚያው ዓመት ልዩ የጦር ፍርድ ቤት ቆመ። የዳኛው የሕይወት ታሪክ እንደገና ተለወጠ። ዩኒፎርም የለበሰ፣ ትእዛዝ መቀበል የለመደ ሰው ፈራጅ ሆነ። በ1979 በሕዝበ ውሳኔ ጸደቀ በተባለው ሕገ መንግሥት ደግሞ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞችን የሚመርጠው ብሔራዊ ሸንጎ ሆነ። ሸንጎው የማን ነበር? የኢሠፓ!

ግምገማው

ኢሕአዴግ ሲገባ በሽግግሩ ዘመን «የኢሠፓ አባል ነበርክ» እየተባለ ብዙ ልምድ ያለው ዳኛ ከወንበሩ ተነሳ። በደም የተነከረው መጠየቁ ተገቢ ነው። ነገር ግን በደርግ ዘመን ዳኛ ለመሆን ደብተሩን የያዘ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ አልነበረም። ወንበሩ ባዶ ሲሆን በየክልሉ በአጭር ጊዜ ሥልጠናና በዲፕሎማ የተዘጋጁ ልጆች ተቀመጡበት። በዚያው ዘመን የተከፈተው ሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅም ለችሎቱ ሰው ማፍራት ጀመረ። የልጆቹ ጥፋት አይደለም፤ ልምድ በአዋጅ አይሰጥም።

ከላይስ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 81 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ፕሬዚዳንትና ምክትሉን ጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅርቦ ምክር ቤቱ ይሾማል ይላል። በክልልም እንዲሁ ነው፤ ርእሰ መስተዳድሩ ያቀርባል፣ የክልሉ ምክር ቤት ይሾማል። ምክር ቤቱን የያዘው የጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓርቲ ሲሆን ይህ ምርጫ ነው ወይስ ማጨብጨብ? ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም የመጨረሻው ሥልጣን ደግሞ የፍርድ ቤት እንኳ አይደለም፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። በ2013 የሱዳን ጦር ገብቶ እርሻውን የያዘበት የዚህ አገር ገበሬ «መንግሥቴ ለምን አልጠበቀኝም?» ብሎ ሕገ መንግሥቱን ጠቅሶ ሊሟገት ቢነሳ፣ መጨረሻው የፖለቲከኞች ምክር ቤት ነው። ንጉሥ አይከሰስ ያልነው ቀረ ወይ?

በ1997ቱ ምርጫ አቶ ከማል በድሪ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ፕሬዚዳንት፣ የምርጫ ቦርዱም ሰብሳቢ ነበሩ። ሰውየውን በግል ልወቅሳቸው አይደለም። ነገሩን ግን እዩት፤ በምርጫ ዳኛው ላይ አቤት የሚል ሰው ሽቅብ ሲያይ የሚያገኘው ያንኑ ሰው ነው።

በዚያው ዘመን ግን ሌላ ዓይነት ዳኛም ታይቷል። ከ1993ቱ የሕወሓት ክፍፍል በኋላ በሙስና ተከሰው የታሰሩትን አቶ ስዬ አብርሃን ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ ለቀቁ። አቶ ስዬ ከፍርድ ቤቱ ሳይርቁ ተመልሰው ተያዙ። በሙስና ለተጠረጠረ ሰው ዋስትና የሚከለክል ሕግም ወጣ። የ1997ቱን ግድያ ያጣራው ኮሚሽን ሰብሳቢ ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤልም 193 ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን ይፋ ያደረጉት ከአገር ከወጡ በኋላ ነው። እነዚህን ሰዎች ወደ ወንበሩ ያመጣቸው ያው ሥርዓት ነው። ሲፈርዱ ግን የሥርዓቱን ፊት አላዩም። ዋጋቸውንም ከፈሉ።

ከ2011 ወዲህ

ከአቶ ከማል በኋላ አቶ ተገኔ ጌታነህና አቶ ዳኜ መላኩ መርተውታል። ጥቅምት 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ሲሾሙ ብዙ ሰው ደስ አለው፤ እኔም ደስ ብሎኛል። የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ናቸው። የመጡበት መንገድም ሌላ ነበር። ቀድሞ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ፤ ከዚያ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ከመሠረቱት አንዷ ሆነው ለተበደሉ ሴቶች ጥብቅና ቆሙ። ከካድሬነት ሳይሆን ከማኅበር ሥራ የመጣ ሰው ላይኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ጥር 9 ቀን 2015 ዓ.ም. እርሳቸውም ምክትላቸው አቶ ሰሎሞን አረዳም ተሰናበቱ። በቦታው የተሾሙት የሕግ ባለሙያው አቶ ቴዎድሮስ ምሕረት ናቸው። የመጣውም የሄደውም ባለሙያ ነው፤ የአቀራረቡ በር ግን ያው የጠቅላይ ሚኒስትሩ በር ነው።

በእኛው ክልልስ? በ2017 መጀመሪያ በአማራ ክልል በተካሄደው የጅምላ እስር ዳኞችና ዐቃብያነ ሕግ ጭምር መያዛቸውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል ገልጿል። ዳኛው ለራሱ ዋስ ካጣ ለገበሬው ምን ዋስ ይሆነዋል?

የሰው አገርስ?

አሜሪካኖችም በዚህ ነገር ተለውጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1954 የጥቁርና የነጭ ትምህርት ቤት መለያየትን የሻረውን ፍርድ ሲሰጡ፣ ሰብሳቢው ኧርል ዋረን የካሊፎርኒያ ገዢ የነበሩ ፖለቲከኛ ናቸው፤ ከጎናቸውም የቀድሞ ሴናተሮች ነበሩ። ዛሬ ከዘጠኙ ስምንቱ ከይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የወጡ ዳኞች ናቸው፤ ኤሌና ኬጋን ብቻ ናቸው ያለዚያ የመጡት። ሆኖም የፖለቲካው ሐሜት አልቀረላቸውም። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ የዳኛው የሥራ ታሪክ ብቻውን ነጻ አያደርገውም። ዕድሜውን በሙሉ ዳኛ ሆኖ አለቃውን ሲፈራ የኖረ ሰው፣ ላይ ሲወጣ ፍርሃቱን ይዞ ይወጣል። ልዩነቱ እዚያ አገር የተሾመ ዳኛ ሿሚውን ባይፈራም እንጀራው አይነካም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ሦስት ነገር ልበልና ላብቃ።

አንደኛ፣ ለላይኛው ወንበር የሚታጨው ሰው የሕይወት ታሪኩ ከሹመቱ በፊት ለሕዝብ ይነገር። የት ሠራ? ምን ፈረደ? የማን ፓርቲ አባል ነበር? በምክር ቤት አዳራሽ በደቂቃዎች እጅ ከመውጣቱ በፊት አገር ይወቀው። ለጎረምሳ ሚስት ሲታጭ እንኳ ሰባት ቤት ይጠየቃል!

ሁለተኛ፣ ዕጩ የማቅረቡ ሥልጣን ከአስፈጻሚው እጅ ይውጣ። ዳኞች፣ ጠበቆችና የሕግ መምህራን ያሉበት አካል ያቅርብ።

ሦስተኛ፣ መሰላሉ ይተከል። በቆላ፣ በወባና በሙቀት ውስጥ፣ የሰሊጥ ሙግት ሲሰማ የኖረ የወረዳ ዳኛ ሥራው ታይቶ ወደ ላይ የሚወጣበት መንገድ ይኑር። የመሬት ሙግትን በወረቀት ብቻ የሚያውቅ ሰው የአርማጭሆን ገበሬ ጉዳይ ሙሉ በሙሉ ሊያየው አይችልም።

አባቶቻችን ሁለት ሰው ሲጣላ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው ዱላውን ያወርድ ነበር። ዱላው የሚወርደው ከቃሉ በስተጀርባ የሚፈርድ አለ ተብሎ ስለሚታመን ነው። ያ እምነት ሲጠፋ ሰው ወደ ጠመንጃው ይሄዳል፤ ይህንን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ «ዳኛው ማነው?» ብላችሁ ከመጠየቅ አትቦዝኑ።