እጅ ከዐይን ሲፈጥን



መዛግብታችንን ከሚጠብቁልን መሣሪያዎች አንዱ የኮምፒዩተር ሃርድ ዲስክ ነው። ይኸውም ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 7,200፥ በሴኮንድ 120 ጊዜ የሚሽከረከር ሳሕን ያለው ሲሆን፥ የሚያነበውና የሚጽፈው የአንድ ክንድ ጫፍ ከሰው ጠጉር እጅግ በቀጠኑ መስመሮች ላይ ይሄዳል።

ጫፉ የት እንዳለ የሚታወቀው በሳሕኑ ላይ አስቀድሞ የተቀረጹ ምልክቶች በአጠገቡ ሲያልፉ ብቻ ነው። ምልክቶቹ በአንድ ዙር 200 ናቸው ብንል፥ በሴኮንድ 24,000 ልኬት ይገኛል። ምልክት ቢጨመር ለመዝገቡ የሚቀረው ስፍራ ይጠባል። ስለዚህ መሐንዲሶች ለአንድ ልኬት ሁለት ትእዛዝ፥ ማለት በሴኮንድ 48,000 ትእዛዝ ለክንዱ እንዲደርስ ሊያደርጉ ይችላሉ። በዚህም ክንዱ ሳይንገጫገጭ በለዘብታ ይንቀሳቀሳል።

ነገር ግን ትእዛዝ ስለ በዛ ዕውቀት አይበዛም። ምልክት በሌለበት ጊዜ ተቈጣጣሪው የሚመራው በስሌት ነው፤ የክንዱን ክብደትና ጠባይ፥ ቀድሞ የሰጠውንም ትእዛዝ አስቦ ጫፉ የት እንደ ደረሰ ይገምታል። ግምቱ ቢሳሳት የሚታረመው በሚቀጥለው ምልክት ነው። ከልኬቱ እኩሌታ፥ ማለት በሴኮንድ ከ12,000 ጊዜ በላይ የሚመላለስ ንዝረት ግን ዝግ ያለ ንዝረት መስሎ ይታያል፤ ተቈጣጣሪውም የሌለውን ጥፋት ለማረም ሲል ጫፉን ከመስመሩ ሊያስወጣ፥ የጎረቤቱንም መስመር ጽሕፈት ሊያበላሽ ይችላል።

እንግዲህ ንድፍ አውጪው ትእዛዙን ከማፍጠኑ አስቀድሞ የክንዱን ጠባይ በሚገባ መርምሮ ሊያውቅ ይገባዋል። አዘውትሮ ማዘዝ የሚጠቅመው ሳያይም የሚሆነውን አጥርቶ ለሚያውቅ ነውና።