ጅዳ፣ ግን በማን ዘመን?

አያትዎ ጅዳ ተወለዱ እንበል። የዘር ሐረግ መመዝገቢያው ሶፍትዌር የትውልድ ቦታ ሲጠይቅዎ «ጅዳ፣ ሳዑዲ ዓረቢያ» ብለው ያልፋሉ። ልደቱ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1920 ከሆነ ግን ተሳስተዋል። ወደቧ እስከ 1916 በኦቶማን፣ እስከ 1925 በሒጃዝ መንግሥት ሥር ነበረች፤ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚለው ስም የመጣው በ1932 ነው። ኦቶማኖችማ በአንድ ወቅት ጅዳን «የሐበሻ ግዛት» ከሚሉት ጋር ደርበው ያስተዳድሯት ነበር!

ግራምፕስ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ለዚህ መላ አለው፦ ጅዳን አንዴ ይመዘግቡና የገዛትን መንግሥት ሁሉ ከነዘመኑ ያያይዙላታል። በቦታው ማስታወሻ ላይ ደግሞ ሰፈሩን ይጻፉ፤ ሐረት አልየመን ነው ወይስ ሐረት አሽሻም? ሽማግሌ «ከግንቡ ውስጥ» ካሉ ቃላቸው እንዳለ ይግባ፤ የከተማዋ ግንብ በ1947 ፈርሷል።