አምራቹና ሸማቹ የሚገናኙበት ገበያ



የዳባትና የወገራ ገበሬ ድንቹን ይዞ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ሲደርስ ዋጋውን የሚቆርጠው ብዙ ጊዜ እሱ አይደለም። ድንች እንደ ገብስ ጎተራ ገብቶ አይከርምም፤ ይበሰብሳል ወይም ያቆጠቁጣል። ስለዚህ ደላላው በጠራው ዋጋ ይለቀዋል። የከተማው ሸማች ግን ያንኑ ድንች በርካሽ አያገኘውም።

ይህን ክፍተት ለማጥበብ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባና በክልል ከተሞች የእሁድ ገበያ ተስፋፍቷል። አስተዳደሩ ቦታ ይሰጣል፤ ማኅበራትና አምራቾች በቀጥታ ይሸጣሉ። ገበያው ራሱ ለማትረፍ የተቋቋመ አይደለም፤ ጥቅሙ የገበሬውና የሸማቹ ነው።

ይሁን እንጂ ቦታ ብቻውን ገበያ አይሆንም። ማኅበራት ምርቱን በደረጃ ለይተው፣ በትክክል መዝነው፣ በአንድ መኪና ጭነው በየሳምንቱ ካላቀረቡ መደቡን የሚይዘው ያው ነጋዴ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

የእጅ ባለሙያዎችም ሊረሱ አይገባም። ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላም በወለቃ የሸክላ ሥራ አልተቋረጠም። ምጣዱና ጀበናው የማይገባበት ቤት የለም፤ ሠሪዋ ግን «ጠይብ» እየተባለች ስትገፋ ኖራለች። የኅብረት ሥራ የመጀመሪያው መርህ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ፣ ያለ አድልዎ ለሁሉም ክፍት የሆነ አባልነት ነው። መርሁ በተግባር የሚታየው ሸክላ ሠሪዋ ከድንች ሻጩ ጎን እኩል መደብ፣ በማኅበሩም እኩል ድምፅ ስታገኝ ነው።