ጀርባውን ፀሐይ ይየው
ለአዲስ አበባ ውሃ ከሚልከው የገፈርሳ ግድብ ዙሪያ ጓሮ ላላችሁ፣ ዛሬ ስለ ባለ ጺሙ አይሪስ እናወራለን። ጺም ያሰኘው ወደ ታች በሚታጠፉት የአበባ ቅጠሎቹ ላይ ያለው ለስላሳ ጸጉር ነው። ሥር የሚያወጣው ግንዱ ዝንጅብል ይመስላል፤ ግን አይበላም፣ ጠልቆም አይቀበርም። ሥሩን አፈር ውስጥ ዘርጉት፣ የግንዱን ጀርባ ግን ፀሐይ ይየው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ውርጭ ይችላል፤ የሚገድለው የሐምሌና የነሐሴ ውሃ ነው። ዋልካ አፈር ውሃ ሲያቁር ግንዱ ይለሰልሳል፣ ይሸታል፣ ይበሰብሳል። ስለዚህ መደቡን ከፍ አድርጉ፤ ፍግ አታብዙ። በ3 ወይም በ4 ዓመት ሲጨናነቅ ነቅላችሁ ከፋፍሉት፤ የበሰበሰውን ቆርጣችሁ ጣሉ። ደህናውን ዝናቡ ሲያባራ፣ በመስከረም መጨረሻ ትከሉ፤ ለጎረቤትም አካፍሉ።