ወሬው ከጎርፉ ይቅደም

(በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ በነጋዴ አባላት ስም የቀረበ ንግግር)





ይህን ንግግር የምናቀርበው በገላባት ገበያ የምንሠራ ነጋዴ አባላት ተመካክረን ነው። ስለ ማኅበሩ አመሠራረት የቀደሙን ተናጋሪዎች በሰፊው ስለገለጹ እኛ ወደዚያ አንመለስም። ክረምት ሊገባ የቀረው ጥቂት ሳምንት ነውና የምንናገረው ስለ ጎርፍ ነው። በበዓል ቀን ስለ ጎርፍ ማውራት ደስ እንደማይል እናውቃለን። ነገር ግን ይህን ያህል ቤተሰብ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ የሚገኘው በበዓል ቀን ስለሆነ አጋጣሚው እንዲያልፍ አልፈለግንም።

እንደሚታወቀው እኛ የምንኖረው ውኃ በሚያልፍበት አገር ነው። ጓንግ ከጣና ሰሜን ምዕራብ ከጭልጋ በኩል ተነሥቶ ሱዳን ሲገባ ዓትባራ ይባላል። ተከዜ ሰቲት ተብሎ ከዓትባራ ጋር ይገናኛል። መረብም ከኤርትራ ወርዶ ጋሽ በሚል ስም ከሰላ ከተማን ያቋርጣል። ስለዚህ እዚህ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ደጋ ላይ የዘነበው ዝናብ ሌሊት ሊደርስብን ይችላል። በበጋ ልጆች እየተጫወቱ የሚሻገሩት ኮር በክረምት ሰው ይወስዳል። በዚህ ላይ የገዳሪፍ ጥቁር መረሬ አፈር አለ። ይህ አፈር አንዴ ከጠገበ በኋላ ውኃ አያሰርግም፣ መኪናም አያሳልፍም። እህል፣ መድኃኒትና ሸራ ከዝናቡ በፊት ካልተከማቸ ጎርፉ ከመጣ በኋላ ማድረስ አስቸጋሪ ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእሳት ብቻ አይደለም።

ለመሆኑ መንግሥት አደጋ ሲመጣ እንዴት ይሠራል? ይህን ለመረዳት በዕድሜያችን ከሰማናቸውና ካየናቸው ጎርፎች አራቱን ብቻ እናንሣ።

የመጀመሪያው በሐምሌ 1980 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በፈረንጆች ነሐሴ 1988፣ ካርቱም ላይ የወረደው ነው። በአንድ ቀንና ሌሊት 200 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዝናብ ጣለ። ይህ ከተማይቱ በዓመት ከምታገኘው የሚበልጥ ነው። አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ሰው ቤት አልባ ሆነ። በብዛት የተጎዱት ከጦርነትና ከድርቅ ሸሽተው በከተማው ዳር በጭቃ ቤትና በጆንያ ጎጆ የተጠለሉ ሰዎች ነበሩ። መንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ፣ የውጭ እርዳታም በአውሮፕላን ገባ። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ የሆነው ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ነው።

ሁለተኛው በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ከሰላ ላይ የደረሰው ነው። ጋሽ በዓመት ውስጥ ለብዙ ወራት ደረቅ አሸዋ ነው። በዚያ ክረምት ግን መከላከያውን ጥሶ ከተማዋን አጥለቀለቀና በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶችን አፈረሰ።

ሦስተኛው የራሳችን የድሬዳዋ ሐዘን ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሐረርጌ ደጋ የዘነበው ዝናብ በደቻቱ ወንዝ በኩል ሌሊት ከተማ ገባ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ። ደጋው ላይ ዝናቡን ያየ ሰው ነበር፤ ታች የተኛውን የሚቀሰቅስ ግን አልነበረም። ቀኑን ሙሉ በሩጫ ሰውን ማዳን የሚችል ወጣት በሌሊት እንቅልፍ ላይ ካገኘው ራሱንም ማዳን አይችልም።

አራተኛው በ2012 ዓ.ም. ክረምት በሱዳን የደረሰው ነው። በካርቱም የዓባይ ከፍታ ከ17 ሜትር ተኩል በላይ ደርሶ በ1946 እና በ1988 እ.ኤ.አ. ከተመዘገቡት በለጠ። በነሐሴ መጨረሻ የአገሪቱ የጸጥታና የመከላከያ ምክር ቤት መላ አገሪቱን የተፈጥሮ አደጋ ቀጣና ብሎ የሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። በሠራተኛና ማኅበራዊ ልማት ሚኒስቴር የሚመራ ከፍተኛ ኮሚቴም ተቋቋመ። አዋጁ በወጣበት ቀን ወደ 100 የሚጠጉ ሰዎች ሞተው፣ ከ100 ሺህ በላይ ቤቶች በሙሉም በከፊልም ፈርሰው ነበር።

እንግዲህ ከእነዚህ የምንማረው አለ። የማስተባበሩ ሥራ ሰንሰለት ነው። በመጀመሪያ የሚያውቅ አለ፤ የወንዙን ከፍታ የሚለካ፣ ዝናቡን የሚተነብይ። አዲስ አበባ ያለው የምሥራቅ ናይል የቴክኒክ ቀጣናዊ ቢሮ በክረምት ወራት የዓባይን፣ የተከዜንና የዓትባራን የጎርፍ ትንበያ ያወጣል። ቀጥሎ የሚያዝ አለ፤ ማዕከላዊው መንግሥትና ዊላያው። ከዚያም የሚሠራ አለ፤ ሰው የሚያወጣው ዲፋ መደኒ፣ ሐኪም ቤቱ፣ ቀይ ጨረቃ። በመጨረሻ ደግሞ በር የሚያንኳኳ አለ። ሰንሰለቱ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው እዚህ የመጨረሻው ቀለበት ላይ ነው። ሚኒስትር በር አያንኳኳም። በር የሚያንኳኳ ጎረቤት ነው።

ይህ በደሃ አገር ብቻ የሚሆን እንዳይመስላችሁ። በነሐሴ 1997 ዓ.ም. ካትሪና የሚባለው ከባድ አውሎ ነፋስ በአሜሪካ ኒው ኦርሊንስ ከተማን ሲመታ፣ አውሎ ነፋሱ እንደሚመጣ ቀደም ብሎ በሳተላይት ታይቶ ነበር። ከተማውን ልቀቁ የሚለው የግዴታ ትእዛዝ የወጣው ግን ከአንድ ቀን በፊት ነው። መኪና ያለው ወጣ። መኪና የሌለው፣ ሽማግሌውና ሕመምተኛው ቀረ። በዚያ ሀብታም አገር ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች አለቁ።

በአንጻሩ ኩባን እንይ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ሄደው የተማሩባት ደሴት ናት። ኩባ በ1963 እ.ኤ.አ. ፍሎራ በሚባል አውሎ ነፋስ ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች ሞተውባታል። ከዚያ በኋላ የሲቪል መከላከያዋን በአዲስ መልክ አደራጀች። በየሰፈሩ ነፍሰ ጡር ማን ቤት እንዳለች፣ መራመድ የማይችል አዛውንት የት እንደተኛ፣ ማን ወደ ማን ቤት እንደሚሄድ አስቀድሞ ይታወቃል። በ2004 እ.ኤ.አ. አይቫን የተባለው ብርቱ አውሎ ነፋስ ሲቃረብ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከአደጋው ቦታ ተነሣ፤ በኩባ ምድር አንድም ሰው አልሞተም። ኩባ ከአሜሪካ ትደኸያለች። ሰዎቿን ያዳነው የሰፈሩ ዝርዝር ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ከእኛ ወገን የመጨረሻው ቀለበት የማይደርሰው ለማን ነው? አረብኛ ለማይሰማው ለአረም ወቅት ሠራተኛ ነው፤ በመስጊዱ ድምፅ ማጉያ የተነገረውን ይሰማል፣ ግን አይገባውም። ከሰው ቤት ተቀጥራ ለምታድር እኅታችን ነው። ባለቤቱ ሌላ ከተማ በሚኖር የጃሉስ ቤት ለተከራየ ቤተሰብ ነው። በኮሩ ዳር ራኩባ ሠርታ ቡና ለምታፈላ እናት ነው። ባለፉት ዓመታት እርዳታ ሲታደል ስማችን ከዝርዝሩ ቀረ የሚል ቅሬታ ከአባላት በተደጋጋሚ ሰምተናል። ዝርዝሩ በቤት ባለቤት ስም ሲሠራ ተከራይ ይቀራል። ይህን ዝርዝር አስቀድሞ ሊያሟላ የሚችለው ከእኛ በቀር ማን ነው?

ነገሩን የሚያከብደው ሌላም ምክንያት አለ። በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ የመጡ ወገኖቻችን በኡም ራኩባና በቱነይድባ መጠለያዎች በድንኳን እያሉ፣ ክረምቱ ሲገባ ብርቱ ነፋስና ዝናብ መጠለያቸውን ጎድቶባቸዋል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ የገዳሪፍ ዊላያ ከካርቱምና ከጀዚራ የተፈናቀለውን ሕዝብ ተቀብሏል። አንድ ቤተሰብ ይኖርበት በነበረ ግቢ ሦስትና አራት ቤተሰብ ተጠግቷል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በገዳሪፍ ኮሌራ መግባቱ በይፋ ተነግሯል። የጎርፍ ውኃ ሽንት ቤቱን ከጉድጓድ ውኃው ጋር ስለሚቀላቅል፣ ጎርፉ ያልገደለውን በሽታው ይከተለዋል። በጦርነት የተወጠረ መንግሥት ደግሞ እያንዳንዱን በር ያንኳኳልኝ ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

ታዲያ ምን እናድርግ? እኛ የምናመጣው አዲስ ነገር የለም። ዕድራችን በእጃችን ነው። የአባላቱ ስም ዝርዝር አለው፣ ድንኳን አለው፣ ጎላ ድስትና በርሜል አለው፣ ሰው ሲሞት ሌሊትም ቢሆን በየበሩ ዞሮ የሚጠራ ጥሩምባ ነፊ አለው። የኩባ መንግሥት በሕግ ያቋቋመውን አባቶቻችን በዕድር አቋቁመውታል። ልዩነቱ የእኛ ጥሩምባ የሚነፋው ሰው ከሞተ በኋላ መሆኑ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆን፣ ጥሩምባው ሰው ከመሞቱ በፊት እንዲነፋ እንጠይቃለን። ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርባቸው ሐሳቦች የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ. በየሰፈሩ ሁለት ሁለት ሰው ይመረጥ፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት። በሰፈራቸው ያለውን ወገን፣ አባል ይሁን አይሁን፣ ይመዝግቡ። ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር፣ አዛውንትና ሕመምተኛ ለይተው ይጻፉ።

2ኛ. የመኖሪያ ወረቀት የሌላቸው ወገኖቻችን መመዝገብ ሊፈሩ ይችላሉ፤ ፍርሃታቸውም ተገቢ ነው። ስለዚህ መዝገቡ ስለ ወረቀት አይጠይቅም። ስሙ በዕድሩ ዳኛ እጅ ይቆያል። ለዲፋ መደኒና ለቀይ ጨረቃ የሚሰጠው በየሰፈሩ ያለው የሰው ቁጥር ብቻ ይሁን።

3ኛ. ከመተማ ወገን ካሉ ዘመዶቻችንና ደንበኞቻችን ጋር የስልክ ሰንሰለት ይዘርጋ። ደጋው ላይ ከባድ ዝናብ ሲጥል የሚደውል ሰው ይታወቅ። ስልክ በማይሠራበት ጊዜ ወሬውን በእግር የሚያደርስ ወጣትም አስቀድሞ ይመደብ።

4ኛ. ማስጠንቀቂያው በአረብኛ በተነገረ ሰዓት በአማርኛና በትግርኛ ይደገም። የጥሩምባው አነፋፍ ከሐዘኑ ጥሪ የተለየ ይሁንና ልጆች ሳይቀሩ ይማሩት።

5ኛ. የዕድሩ ድንኳኖች ከሰኔ ጀምሮ ከፍ ባለ ቦታ ይቀመጡ። እኛ የገበያ ነጋዴዎች ጆንያ፣ አካፋ፣ ሸራ፣ የእጅ ባትሪና ሳሙና በዋጋው፣ ያለ ትርፍ፣ እናቀርባለን። ይህንም የምንለው በዚህ ሕዝብ ፊት ስለሆነ ልትጠይቁን ትችላላችሁ።

6ኛ. ከዕድሩ ገንዘብ የተወሰነ ክፍል ለዚሁ ሥራ እንዲውል መተዳደሪያ ደንቡ ይሻሻል።

በመጨረሻው ነጥብ የሚቃወሙ አባቶች እንዳሉ እናውቃለን። «የዕድር ገንዘብ የሐዘን ገንዘብ ነው፣ ለሌላ ከወጣ ሐዘን በመጣ ቀን ምን እናደርጋለን?» ይላሉ። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ በሰው አገር የሞተን ሰው በክብር መቅበር ማኅበራችን እስከ ዛሬ የቆመበት ምሰሶ ነው። የእኛ መልስ ግን ይህ ነው። ጎርፍ አንድ ሰው ለይቶ አይወስድም። በአንድ ሌሊት አሥር ቤት ሐዘን ቢገባ የትኛውም ዕድር አይችለውም። ለጆንያና ለአካፋ የሚወጣው ገንዘብ የሐዘኑን ገንዘብ የሚጠብቅ ነው።

ቤት ስትመለሱ እያንዳንዳችሁ ዛሬውኑ ልትሠሩት የምትችሉት ነገርም አለ። የልጆቻችሁን የልደት ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃና መታወቂያ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ከፍ ባለ ቦታ ስቀሉ። ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ። ጎርፍ በሚያልፍበት ኮር ውስጥ በእግርም ሆነ በመኪና አትግቡ፤ ጉልበት ያልደረሰ ውኃም ሰው ይጥላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከጎናችሁ ያለውን በር እወቁ። አረብኛ የማይችል ጎረቤት ካለ ወሬውን የምትነግሩት እናንተ ናችሁ። ጎረቤቱ ሱዳናዊም ቢሆን፣ ከካርቱም ተፈናቅሎ የመጣም ቢሆን፣ ለእርሱም አንኳኩ። ይህ ሕዝብ በክፉ ቀን ስንመጣ በሩን ከፍቶልናልና።

ጠቅላላ ጉባኤው በሐሳቦቹ ላይ ተወያይቶ ሰኔ ከመግባቱ በፊት እንዲወስን በአክብሮት እንጠይቃለን። ማኅበራችንን ለወርቅ ኢዮቤልዩ ያብቃልን። ክረምቱን የምሕረትና የጥጋብ ክረምት ያድርግልን። ለኢትዮጵያና ለሱዳን ሰላሙን ያውርድልን።